ሰባት የሚኖርበት ቤት

ቦንጋ ላይ ለሕዝብ የቀረበ የትምህርት ንግግር



ስምንት ወይም ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የቡና ለቀማ ወቅት ነው። እናቴ እሸቱን ከለቃሚዎቹ በጣሳ እየሰፈረች ትረከባለች፤ ቆጣሪው እኔ ነኝ። መካከል ላይ አንዲት ጎረቤታችን «ማሙዬ፣ ስንት ደረሰ?» አለችኝ። አፌ ከመመለሱ በፊት እጄ ተነሣ። ከበሩ መቃን በስተግራ፣ ከሰው ቁመት ትንሽ ከፍ ወዳለ ቦታ ጠቆምኩና «እዚያ ጋ» አልኳት። ሴቶቹ ሁሉ ዞረው አዩ። ያለው የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው። «ሠላሳ አራት» ብዬ ብመልስም ሳቁ አልቆመም። እናቴ ብቻ አልሳቀችም። ማታ እሳት ዳር ስንቀር «ምን አይተህ ነው?» አለችኝ። «ሠላሳ አራትን» አልኳት። ዝም ብላ እንጨቱን ቆሰቆሰች።

የእኔ ቁጥሮች እንዲህ ናቸው። አንድ ከቀኝ እግሬ አጠገብ መሬት ላይ ነው። ከእሱ እስከ አሥር ያለው መንገድ ቀጥ ያለ ዳገት ነው። አሥር ላይ ወደ ግራ ይታጠፍና እስከ ሃያ ሜዳ ይሆናል። ከሃያ ወዲያ እንደ እርከን እያንዳንዱ አሥር አንድ ደረጃ ከፍ ይላል፤ መቶ ጫፉ ላይ ነው፣ ከበስተኋላው ጉም አለ። በትምህርት ቤት ከዜሮ በታች ያሉ ቁጥሮችን የተማርን ዕለት ማንም ሳያዛቸው ከተረከዜ ኋላ ወርደው ተሰለፉ። ይህን ሥዕል አልሳልኩትም፣ ላጠፋውም አልችልም። «አርባ ሰባት» ሲባል ቦታው ይመጣል፤ በስማችሁ ሲጠሯችሁ ቀና እንደምትሉ ነው፣ ፈቃድ አይጠይቅም።

ይህ ነገር ስም እንዳለው ያወቅኩት ራሴ መምህር ከሆንኩ በኋላ ነው። ስሙ ሲነስቴዥያ ይባላል፤ ከግሪክ የመጣ ቃል ሲሆን አብሮ መሰማት ማለት ነው። አንድ ስሜት ወይም አንድ ሐሳብ ሲነሣ ሌላው ሳይጠራ ተከትሎት ይመጣል። ድምፅ ሲሰማ ቀለም የሚታየው ሰው አለ። ፊደል ሁሉ ለእሱ የየራሱ ቀለም ያለው ሰው አለ። እ.ኤ.አ. በ1812 ጌዮርግ ዛክስ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ስለ ራሱ ሰውነት በጻፈው የመመረቂያ ጽሑፍ ፊደላት፣ ቁጥሮችና የሳምንቱ ቀናት ለእሱ ቀለም እንዳላቸው ገልጿል፤ እስከ ዛሬ ከሚታወቁት መግለጫዎች የመጀመሪያው ይኸው ነው። እኔ ግን ዛሬ የማወራችሁ ስለ ቦታ ነው። ቁጥርን፣ ቀንን፣ ወርን፣ ተራ ያለውን ነገር ሁሉ በአካባቢያቸው ተዘርግቶ ስለሚያዩ ሰዎች። የሚያዩትን ነገር የቁጥር መልክዓ ምድር ብዬ ብጠራው ደስ ይለኛል፤ ዳገት፣ ቁልቁለት፣ መታጠፊያና ጉም አለውና።

በሽታ አይደለም። መንፈስም አይደለም። ይህን ጠንከር አድርጌ የምናገረው፣ «ሰባት ከጀርባዬ ነው» ያለ ልጅ እንደ ውሸታም ተቆጥሮ እንዲያድግ ስለማልፈልግ ነው። እኔን አንድ መምህር «ከአርባ አሥራ ሰባት ሲቀነስ ስንት ይቀራል? እንዴት አገኘኸው?» ብሎኝ «ከአርባው ወረድኩ፣ አንዱን እርከን አለፍኩ» ብዬ ስመልስለት ያሾፍኩበት መስሎት ከክፍል አስወጣኝ። መልሱ ትክክል ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ መንገዱን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለሃያ ዓመት ያህል።

ዝም የሚለው ሰው ብዙ እንደሆነ መጀመሪያ የተረዳው የቻርልስ ዳርዊን የአክስት ልጅ የሆነው እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን ነው። እ.ኤ.አ. በ1880 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ቁጥርን በቦታ ስለሚያዩ ሰዎች ጻፈ፤ ራሳቸው የሳሏቸውን ሥዕሎችም አሳተመ። ከሥዕሎቹ አንዱ የአንድ ጠበቃ ነው፤ አባቱ በቃሉ በማስላት በመላው እንግሊዝ ስም ያተረፈው ጆርጅ ቢደር ነበር። አንዱ መስመር ቀጥ ይላል፣ አንዱ እንደ እባብ ይጠማዘዛል፣ ሌላው እስከ አሥራ ሁለት ክብ ሠርቶ ከዚያ ያመልጣል። ጋልተን በግምቱ ከሠላሳ ወንዶች አንዱ፣ ከአሥራ አምስት ሴቶች አንዷ እንዲህ ያለ ሥዕል አላቸው አለ። የእነዚህን ሰዎች ጠባይም በደንብ ለየ፦ ሥዕሉ ከልጅነት ጀምሮ ያለ ነው፣ አይለወጥም፣ በቤተሰብ ይወርዳል፣ ባለቤቱም ሰው ሁሉ እንደሱ የሚያይ ይመስለዋል። ከ126 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2006፣ በብሪታንያ በኖአም ሳጊቭና በባልደረቦቹ የወጣ ጥናት ከተራው ሰው 12 በመቶ ገደማው የቁጥር መልክዓ ምድር እንዳለው አገኘ። በዚህ አዳራሽ መቶ ሰው ቢኖር አሥራ ሁለት መሆኑ ነው።

ስለ ጋልተን አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ኅሊናዬ አይፈቅድም። ስለ ቁጥር ሥዕሎቹ በሰፊው በጻፈበት፣ እ.ኤ.አ. በ1883 በወጣው መጽሐፉ ውስጥ ሰዎችን በዘር መርጦ ስለ ማራባት ለሚሰብከው ሐሳብ ስም ያወጣለትም እሱ ነው። ያ ሐሳብ በኋላ ስንቱን ሰው እንዳስፈጀ ታውቃላችሁ። ሥዕሎቹን እወስዳለሁ፣ ያንን ግን እጠየፋለሁ።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ጥቂቶች ነው። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ግን የቀሩት ሰማንያ ስምንቱ ናቸው። እናንተም ቁጥርን የምታኖሩበት ቦታ አላችሁ፤ ብቻ ደብዝዞ ነው፣ እናንተም አታዩትም።

እ.ኤ.አ. በ1993 ፓሪስ ውስጥ ስታኒስላስ ደሃን ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ቀላል ፈተና አቀረበ። ማያ ላይ ቁጥር ይመጣል፤ ለሁለት እኩል የሚከፈል ከሆነ አንዱን ቁልፍ፣ የማይከፈል ከሆነ ሌላውን መጫን ነው። ስለ ትልቅነትና ትንሽነት ማንም አልጠየቀም። ሆኖም ሰዎቹ ለትንንሽ ቁጥሮች ግራ እጃቸው፣ ለትልልቆቹ ደግሞ ቀኝ እጃቸው ቀደመ። ልዩነቱ ከዓይን ጥቅሻ ያነሰ ነው፣ ግን ደጋግሞ ታየ። ትንሹ በግራ፣ ትልቁ በቀኝ ተሰልፎ ነበር ማለት ነው፤ ፈረንሳይኛም ከግራ ወደ ቀኝ ይጻፋል። በኋላ ቃላትንም ቁጥሮችንም ከቀኝ ወደ ግራ የሚያነቡ ፍልስጤማውያን ሲፈተኑ ነገሩ ተገለበጠ፤ ትንሹ በቀኝ ሆነ። የእኛ ግዕዝ የዓረብኛና የዕብራይስጥ የሥጋ ዘመድ ሆኖ ሳለ አጻጻፉ ከግራ ወደ ቀኝ ነው፤ በላቲን ፊደል የሚጻፈው የካፋ ቋንቋ፣ ካፊ ኖኖም እንዲሁ።

ታዲያ ሁሉም ነገር ከማንበብ የመጣ ነው? እንዲህ ብዬ እንዳልደመድም የሚከለክለኝ የጣሊያን ጫጩት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት፣ ከተፈለፈሉ ሦስት ቀን የሆናቸውን ጫጩቶች አምስት ነጥብ ካለው ካርቶን ጀርባ ምግብ እንዲያገኙ አለማመዷቸው። ከዚያ በግራም በቀኝም ሁለት ሁለት ነጥብ ያለው ካርቶን ሲቀርብላቸው ወደ ግራው ሄዱ። ስምንት ስምንት ነጥብ ሲሆን ወደ ቀኙ። በሃያ ለለመዱት ጫጩቶች ግን ያው ስምንት ትንሽ ሆነና ወደ ግራ ሄዱ። ጫጩት ፊደል አልቆጠረችም። ስለዚህ አንጎል ብዛትን በቦታ የመዘርጋት ዝንባሌ ይዞ ይመጣል፣ አቅጣጫውን ደግሞ ያደገበት ቤት ያጠናለታል ብዬ አምናለሁ።

ቦታው በአንጎል ውስጥም ይታወቃል። ከጆሮ ከፍ ብሎ፣ ወደ ማጅራት ያደላው የአንጎል ክፍል ዕቃ የት እንዳለ ሲፈለግም ቁጥር ሲታሰብም ይሠራል። የቀኙ ወገን በስትሮክ ሲጎዳ አንዳንድ ሰው በግራው ያለውን ዓለም ይዘነጋል፤ ከትሪው ላይ በቀኝ ያለውን እንጀራ በልቶ የግራውን ይተወዋል። ገመድ ዘርግታችሁ «መካከሉን አሳየኝ» ብትሉት ወደ ቀኝ ያደላል። እ.ኤ.አ. በ2002 ማርኮ ዞርዚና ሁለት ባልደረቦቹ እንዲህ ላሉ ሕሙማን ገመድም ወረቀትም ሳያሳዩ በቃል ብቻ ጥያቄ አቀረቡ፤ ከሁለትና ከስድስት መካከል ያለው ቁጥር ስንት ነው? «አምስት» የሚል መልስ መጣ። ሰዎቹ መደመርም መቀነስም አልጠፋባቸውም። የጠፋባቸው የቁጥሩ ግራ ወገን ነው። ይህን ያነበብኩ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሠላሳ አራት በእውነት አንድ ቦታ እንደሚኖር የሚያውቅ ሌላ ሰው አገኘሁ።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። እኛ ስለ ቁጥር ስናወራ ምን እንላለን? «ከመቶ በላይ»፣ «ከአሥር በታች» እንላለን፤ ላይና ታች አለው። «ሠላሳን ተሻገረ» እንላለን፤ ከጅማ መጥቶ የጎጀብን ወንዝ እንደሚሻገር ሰው። «አርባ ደፈነ» እንላለን፤ ጉድጓድ ነበር ማለት ነው። ሂሳብ ስናስተምርም የአንድ ቤት፣ የአሥር ቤት፣ የመቶ ቤት እንላለን። ቤት! እንግሊዝኛ ቦታ ሲል እኛ ቁጥርን ቤት ሰጥተን አስገባነው። በአንፃሩ የግዕዝ ቁጥር ይህ ቤት አያስፈልገውም፤ ፳ ብቻውን ሃያ ነው፣ ፻ ብቻውን መቶ ነው፣ ዜሮም የለውም።

ከሁሉ ይልቅ የፊደል ገበታውን አስቡ። በአማርኛ ማንበብን መጀመር ፊደል መቁጠር ይባላል። እንግዳ አነጋገር ነው፣ ግን ትክክል ነው። ገበታው ሰባት ዓምድ አለው፤ ከመጀመሪያው ከግዕዙ ቀጥሎ ያሉት ስማቸው ቁጥር ነው፤ ካዕብ ሁለተኛ፣ ሣልስ ሦስተኛ፣ ራብዕ አራተኛ፣ እስከ ሳብዕ። ወደ ታች ደግሞ ሀ ቤት፣ ለ ቤት እያለ ይወርዳል። «የመ ሳድስ» ሲባል ገበታ የቆጠረ ሰው ዓይኑ የት እንደሚሄድ ልብ በሉ፤ ስድስተኛው ዓምድ ላይ ያርፋል፣ ወደ ቀኝ ጠርዝ። ይህም አልበቃ ብሎ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ አቡጊዳን ይማራል፤ አ ከመጀመሪያው ዓምድ፣ ቡ ከሁለተኛው፣ ጊ ከሦስተኛው፣ ዳ ከአራተኛው፣ ሄ፣ ው፣ ዞ እያለ ገበታውን በሰያፍ ይቆርጠዋል። አምስት ዓመት ሳይሞላው ቁጥርን በቦታ፣ ቦታን በቁጥር እየፈለገ ሲሮጥ የሚውል ልጅ ነው። ይህን ሥልጠና እንደ ትልቅ ሀብት ነው የማየው።

ሰዓታችን ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። ከተሰበሰቡት የቁጥር ሥዕሎች በአንዳንዶቹ የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ቁጥሮች እንደ ሰዓት ሰሌዳ ክብ ናቸው፤ አሥራ ሁለት ከላይ፣ ስድስት ከታች። ለአውሮፓዊ ልጅ ይህ አያጋጨውም፤ እኩለ ቀን አሥራ ሁለት ነው፣ ፀሐይም አናት ላይ ናት፣ ጠቋሚውም ሽቅብ ያያል። ለእኛ ልጅ ግን እኩለ ቀን ስድስት ሰዓት ነው። በእኛ አቆጣጠር የተሞላ ሰዓት ባለበት ቤት፣ ፀሐይ ከአናት ስትሆን ጠቋሚው ወደ መሬት ይወርዳል። በውጭ አቆጣጠር የተሞላ ሰዓት ባለበት ቤት ደግሞ ጠቋሚው አሥራ ሁለት ላይ ቆሞ አባት «ስድስት ሰዓት ሆነ» ይላል፤ ልጁም ከተጻፈው ቁጥር ትይዩ ያለውን ማንበብ ይማራል። አሥራ ሁለታችን ፀሐይ ከአድማስ የምትወጣበትና የምትገባበት ነው። እዚህ አገር ያደገ ልጅ ስድስትን ላይ ያኖረዋል ወይስ ታች? ይህ ጥያቄ ለንደን ውስጥ ሊጠየቅ አይችልም፤ ቦንጋ ውስጥ ግን በአንድ እርሳስና በአንድ ወረቀት ይጠየቃል።

ቤት ውስጥ ኢኮ፣ ጉቶ፣ ኬሞ ብሎ በካፊ ኖኖ የቆጠረ፣ ከዚያ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ያለ፣ ከዚያ ደግሞ በእንግሊዝኛ የሚማር ልጅም አለን። ኬሞና ሦስት አንድ ቤት ይጋራሉ? ለእኔ ይጋራሉ።

ጊዜም እንደ ቁጥር ነው። ዓመቱን እንደ ክብ መንገድ ወይም እንደ ቀለበት በዙሪያቸው የሚያዩ ሰዎች አሉ፤ ወሩ በመጣ ቁጥር ቦታው አብሮ ይመጣል። ይህን ስሰማ ወዲያው የታወሰኝ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ናቸው። በዓላትንና አጽዋማትን የሚያወጡት በሰባት ዐውድ ነው፤ ዐውድ ማለት ዙሪያ፣ ክብ ማለት ነው። ዐውደ ዕለት 7 ቀን ነው፤ ዐውደ ወርኅና ዐውደ ዓመት ይከተላሉ፤ ዐውደ አበቅቴ 19 ዓመት፣ ዐውደ ፀሐይ 28 ዓመት፣ ዐውደ ማኅተም 76 ዓመት፣ ዐውደ ቀመር 532 ዓመት ነው። አሥራ ዘጠኝን በሃያ ስምንት አባዙት፣ 532 ይመጣል፤ ሁለቱ ክቦች ከተነሡበት ተመልሰው እስኪገናኙ የሚፈጀው ዘመን ማለት ነው። በዓልን «ዐውደ ዓመት» ስንል ሳናውቀው የዓመት ክብ እያልን ነው። ሊቃውንቱ ሁሉ ሲነስቴዥያ ነበራቸው እያልኩ አይደለም፤ ጊዜን በቦታ ዘርግቶ ማሰብ በዚህ አገር ሥርዓት የሆነ ጥበብ ነው እያልኩ ነው።

ግን ጳጉሜን የት ትሁን? የውጭዎቹ ሥዕሎች አሥራ ሁለት ወር ብቻ ናቸው። እኛ አሥራ ሁለቱ ሠላሳ ሠላሳ ሆነው፣ አምስት ወይም ስድስት ቀን ያላት አሥራ ሦስተኛ አለችን፤ ዘመን ተለውጦ መስከረም ይገባል፣ እዚህ ደግሞ የካፋ ዘመን መለወጫ፣ ማሽቃሬ ባሮ፣ ይከበራል። ይህን ጥያቄ ይዤ እናቴ ዘንድ ሄድኩ። አርጅታ ነበር። ሥራዬን ስነግራት ረጅም ጊዜ ዝም አለችና «እኔ ቁጥር አላይም፤ ወሮቹን ነው የማይ» አለችኝ። ወሮቿ በምድጃው ዙሪያ ናቸው። መስከረም ከቀኟ፣ ጥር ከፊቷ፣ ሐምሌና ነሐሴ ጀርባዋን በሚያሞቀው ግድግዳ በኩል። «ጳጉሜስ?» አልኳት። በእጇ ወደ በሩ ጠቆመች። «ደፉ ላይ ናት። አልገባችም፣ አልወጣችም።» ያን ማታ ለምን እንዳልሳቀች ያኔ ገባኝ። ዕድሜዋን ሙሉ ለማንም አልተናገረችውም።

ይህ ሥዕል ይጠቅማል? ለአንዳንድ ነገር አዎ። ጊዜን በቦታ የሚያዩ ሰዎች የታሪክ ዘመናትን በማስታወስ ከሌላው እንደሚበልጡ ጁሊያ ሲምነርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2009 አሳይተዋል። እንግሊዛዊው ዳንኤል ታሜት ቁጥሮችን እንደ ቅርጽና እንደ መልክዓ ምድር ነው የሚያያቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ኦክስፎርድ ላይ ከፓይ 22,514 አሃዞችን በቃሉ ዘርዝሯል። ነገር ግን እንዲህ ያለ ችሎታ ከብዙ ሺህ አንዱ ነው፤ ልጃችሁ ቁጥር ስላየ ብቻ ሊቅ ይሆናል ብላችሁ አትጫኑት። የቁጥር መልክዓ ምድር ያላቸው ሰዎች በማባዛት ዘገም ማለታቸውም ታይቷል። እኔ ምክንያቱን ከራሴ አውቀዋለሁ። ማባዣ በአፍ የሚያዝ ነው፣ እንደ ዜማ። ሰባት ጊዜ ስምንት ስባል ሌላው «ሃምሳ ስድስት» ብሎ ሲጨርስ እኔ ገና በእግሬ እየሄድኩ ነበር። እንዲህ ያለውን ልጅ ማስቸኮል ጥቅም የለውም። የቁጥር መስመር መሬት ላይ አስምራችሁ ብታስሄዱት ግን ለእሱም ለክፍሉ ሁሉ ይሆናል።

ሊቃውንቱ በአንድ ነገር አይስማሙም። ገሚሶቹ የቁጥር መልክዓ ምድር ቀለም እንደ ማየቱ ሁሉ እውነተኛ ሲነስቴዥያ ነው ይላሉ፤ ገሚሶቹ ሁላችን ያለን ነገር በጥቂቶች ላይ ጎልቶ መውጣቱ ነው ይላሉ። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ ከጫጩቷም ከሕሙማኑም የተማርኩት ይህንን ነውና።

አንድ ሰው እንዲህ ያለ ሥዕል በእውነት እንዳለው ማጣሪያው ቀላል ነው። የፈጠራ ሥዕል ይረሳል፣ እውነተኛው አይረሳም። ሰውየው ቁጥሮቹን ይሳል፤ ከወራት በኋላ ሳይነገረው ድንገት እንደገና ይሳል። ዳገቱ ዳገት፣ መታጠፊያው እዚያው ከሆነ አለው ማለት ነው።

በር ላይ ስትገቡ ባዶ ወረቀት ተሰጥቷችኋል። ስም አትጻፉ፤ በኋላ የምታውቁትን አንድ ምልክት ጥግ ላይ አድርጉ። ዓይናችሁን ለጥቂት ጊዜ ጨፍኑና ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ቁጠሩ፤ በአማርኛም በካፊ ኖኖም ይሁን። ከዚያ ቁጥሮቹን በመጡበት ቦታ አስቀምጡ፣ በመስመር አትደርድሯቸው። ምንም ቦታ ካልመጣላችሁ ባዶውን መልሱልኝ፣ እሱም መልስ ነው። በጀርባው አሥራ ሦስቱን ወሮች አድርጉ። የጎረቤታችሁን ወረቀት አትዩ። ልጆች ይዛችሁ የመጣችሁ፣ አታርሟቸው። እርሳስ ያልደረሰው እጁን ያንሣ።